ሄሊኮፕተርን በበረራ ሲሙሌተር ለማብረር ጆይስቲክን ማስተካከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በባህር ዳርና በጣና ዙሪያ፣ በቤታቸው ኮምፒዩተር ሄሊኮፕተር ማብረርን ለሚለማመዱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። መልሶቹ በዋናነት ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር፣ ኤክስ-ፕሌንና ዲሲኤስ የተባሉትን የሲሙሌተር ፕሮግራሞች የሚመለከቱ ሲሆን፣ በነጻ የሚገኘውን ፍላይትጊርን ለሚጠቀሙም አብዛኛው ነገር ይሠራል። አንባቢው ቢያንስ ትንሽ አውሮፕላን በሲሙሌተር አንሥቶ ማሳረፍ እንደሚችል ታሳቢ ተደርጓል።

ለአውሮፕላን ያስተካከልሁት ጆይስቲክ ሄሊኮፕተር ላይ ለምን አስቸገረኝ?

ችግሩ የሚመነጨው ከጆይስቲኩ ሳይሆን ከሁለቱ በራሪዎች ጠባይ ልዩነት ነው። አውሮፕላን በትሪም (መቆጣጠሪያው በተፈለገው ቦታ ተይዞ እንዲቆይ በሚያደርገው ማስተካከያ) ከተስተካከለ በኋላ እጅዎን ቢለቁትም ለተወሰነ ጊዜ መንገዱን ይዞ ይበራል፤ ሄሊኮፕተር ግን፣ በተለይ በሚያንዣብብበት ጊዜ፣ ከተናጋ በኋላ በራሱ ወደ ነበረበት አይመለስም። በዚያ ላይ የተለመደው ጆይስቲክ እጀታውን ወደ መሀል የሚጎትት ስፕሪንግ አለው፤ ሄሊኮፕተሩ ግን ለማንዣበብ የሚፈልገው መሀሉን አይደለም። ለምሳሌ ዋና ሮተሩ (ከአናቱ ያለው ተሽከርካሪ ክንፍ) ከላይ ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ በሚዞር ሄሊኮፕተር ላይ የጭራው ሮተር ግፊት መላውን አካል ወደ ቀኝ ስለሚያንሸራትተው፣ አብራሪው ሳይክሊኩን (ሄሊኮፕተሩን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን የሚያዘነብለውን ዘንግ) በመጠኑ ወደ ግራ አድርጎ መያዝ አለበት። ስለዚህ እጅዎ ሁልጊዜ ከስፕሪንጉ ጋር ይታገላል፤ ለአውሮፕላን የተመረጠው ሰፊ ዴድ ዞን (እጀታው መሀል ላይ ቢንቀሳቀስም ምላሽ የማይሰጥበት ቦታ) እና ስለታም ምላሽ ደግሞ ትግሉን ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ምክንያት መዘግየት ነው። ሳይክሊኩን ሲያዘነብሉ በመጀመሪያ ሮተሩ፣ ቀጥሎ አካሉ ያዘነብላል፤ እንቅስቃሴው የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። የጣና ታንኳ ቀዛፊ መቅዘፊያውን ካስገባ በኋላ የታንኳዋን መዞር እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ አብራሪውም ትንሽ ገፍቶ፣ ቆም ብሎ፣ ምላሹ ከመታየቱ ጥቂት ቀደም ብሎ እጁን መመለስ ይኖርበታል። ጀማሪ ምላሹን ባለማየቱ ጨምሮ ይገፋል፤ ከዚያም በድንጋጤ ወደ ኋላ ይስባል፤ ውዝዋዜውም እየሰፋ ይሄዳል። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ማስተካከያ ሁሉ የእጅን ግድፈት ከመቀነስ ያለፈ ሥራ እንደማይሠራ፣ መዘግየቱን ሊያስቀር የሚችል ቁጥርም እንደሌለ መያዝ ይጠቅማል።

የትኛው የጆይስቲክ ክፍል ለየትኛው መቆጣጠሪያ ይመደብ?

እጀታው ለሳይክሊክ፣ የጋዝ ማንሻው ሄሊኮፕተሩን ከፍና ዝቅ ለሚያደርገው ለኮሌክቲቭ፣ የእጀታው መጠማዘዣ (ወይም ካለዎት ፔዳሉ) አፍንጫውን ለሚያዞረው ለጭራ ሮተር ይመደባል። የሞተሩን ጋዝ በአብዛኛው ሄሊኮፕተር ላይ ገቨርነር የሚባለው መሣሪያ ስለሚቆጣጠረው የተለየ አክሲስ (የጆይስቲኩ የእንቅስቃሴ መስመር) አያስፈልገውም፤ ሞተር ለማስነሣት የሚውል ቁልፍ መመደብ ይበቃል።

ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ሄሊኮፕተሮችን ያስገባው በኅዳር 2022 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በወጣው የ40ኛ ዓመት እትሙ ሲሆን፣ ቤል 407 እና ጊምባል ካብሪ ጂ2 በዚያው ጊዜ መጡ። ከዚያ ወዲህ የሄሊኮፕተር መቆጣጠሪያዎች ከአውሮፕላኑ ተለይተው ስለሚመደቡ፣ አንድ አክሲስ በሁለት ትእዛዝ ላይ ተደርቦ እንዳይቀር መፈተሽ አለበት። ኮሌክቲቩ «ራሱ ይንቀጠቀጣል» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ መደራረብ የሚመጣ ነው።

ኮሌክቲቩ ወደ ላይ ሲገፋ ኃይል ይጨምር ወይስ ይቀንስ?

በእውነተኛው ሄሊኮፕተር ኮሌክቲቭ በአብራሪው ግራ በኩል ያለ ማንሻ ሲሆን፣ ወደ ላይ ሲሳብ የዋናውን ሮተር ክንፎች አንግል በአንድነት ይጨምራል። የጠረጴዛ ጋዝ ማንሻ ግን ወደ ፊት የሚገፋ ነው። አክሲሱን በመገልበጥ «መሳብ ማለት መነሣት» እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ወደፊት እውነተኛ የኮሌክቲቭ ማንሻ ለመግዛት ወይም ለመሥራት ያሰበ ሰው ከአሁኑ ቢገለብጠው ይሻለዋል፤ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር እያቀያየረ የሚያበር ሰው ግን እንዳለ ቢተወው እጁ አይደናገርም። ከሁለቱ አንዱን መርጦ መጽናት እንጂ በየሳምንቱ መለዋወጥ አይመከርም።

ማስተካከል ከመጀመሬ በፊት ጆይስቲኩን መመርመር ያስፈልገኛልን?

በእርግጥ ያስፈልጋል፤ በተለይ መሣሪያው ያገለገለ ሆኖ ከሰው እጅ የተገዛ ከሆነ። በብዛት የሚገኙት ርካሽ ጆይስቲኮች የእጀታውን ቦታ የሚለኩት እየተነካካ በሚሠራ ፖቴንሽዮሜትር ነው። በበጋ አቧራ ሲገባበት ወይም ከዕድሜ ብዛት ሲያልቅ ንባቡ በድንገት ይዘላል። እንደ ትረስትማስተር ቲ.16000ኤም ያሉት ደግሞ እጀታውን የሚለኩት በማግኔት ስለሆነ እንዲህ ያለው ችግር ብዙም አይጎዳቸውም።

በዊንዶውስ የጨዋታ መቆጣጠሪያዎችን ባሕርይ የሚያሳየውን መስኮት ይክፈቱ፤ እጀታውን በጣም ቀስ ብለው ከዳር እስከ ዳር ያንቀሳቅሱ፤ ከዚያ ይልቀቁት። ምልክቱ ከመሀል ጥቂት ርቆ ቢቆም ካሊብሬሽን (የእጀታውን መሀልና ዳር ለኮምፒዩተሩ እንደገና ማሳወቅ) ያስተካክለዋል። በመንገዱ ላይ እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ ግን የትኛውም የሲሙሌተር ቅንብር አያድነውም፤ ጽዳት ወይም መለዋወጫ ያስፈልገዋል። ካሊብሬሽኑን በዊንዶውስም በሲሙሌተሩም ደራርቦ ማካሄድ አስፈላጊ ባለመሆኑ በአንዱ ብቻ ቢሠራ ውጤቱ የተሻለ ነው።

ዴድ ዞን ምን ያህል ይሁን?

ለሳይክሊክ ዜሮ፤ መሀሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ መንቀጥቀጡን ለመሸፈን የሚበቃ ያህል፣ ማለትም አንድ ወይም ሁለት በመቶ። ከዚያ ከበለጠ በማንዣበብ ጊዜ እጅዎ የሚሠራበትን ቦታ በትክክል ይበላዋል፦ ጥቂት ይገፋሉ፣ ምንም የለም፤ ጥቂት ይጨምራሉ፣ ሄሊኮፕተሩ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ለኮሌክቲቭ ምንም ዴድ ዞን አይደረግም።

መጠማዘዣው የተለየ ነው። እጀታውን ወደ ጎን ሲያዘነብሉ አንጓዎ ሳይታወቅዎ ስለሚጠማዘዝ፣ ከአምስት እስከ ስምንት በመቶ የሚሆን ዴድ ዞን የማይፈለገውን የአፍንጫ መዞር ያስቀራል። ራሱን የቻለ ፔዳል ላለው ሰው ይህ አያስፈልግም።

የሴንሲቲቪቲ ኩርባውን እንዴት ላድርገው?

ኩርባው የእጀታው እንቅስቃሴ ምን ያህል ትእዛዝ ሆኖ ወደ ሄሊኮፕተሩ እንደሚደርስ የሚያሳይ መስመር ነው። ይህ ከሁሉ የበለጠ ግራ የሚያጋባው ክፍል ነው፤ አንዱ ምክንያት ሲሙሌተሮቹ ቁጥሩን በተቃራኒ ምልክት የሚጽፉት መሆኑ ነው። በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር መሀሉን ለማለስለስ ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ ይወርዳል፤ በዲሲኤስ ደግሞ ያንኑ ውጤት ለማግኘት ቁጥሩ ወደ ፖዘቲቭ ይወጣል። ከአንዱ ሲሙሌተር ተጠቃሚ ምክር ተቀብሎ በሌላው ላይ የሚያስገባ ሰው የፈለገውን ተቃራኒ ያገኛል። በኤክስ-ፕሌን ኩርባው በሥዕል ስለሚታይ እንዲህ ያለ መደናገር ብዙም የለም። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ሥዕሉን ይመልከቱ፦ መስመሩ መሀሉ ላይ ጋደም ብሎ ወደ ጫፎቹ ቀጥ እያለ የሚሄድ ከሆነ ምላሹ በመሀል የለሰለሰ ነው።

ለአጭር የጠረጴዛ ጆይስቲክ ለሳይክሊክ ከ15 እስከ 25 የሚሆን መለስተኛ ማለስለሻ ጥሩ መነሻ ነው። የእውነተኛው ሳይክሊክ ዘንግ ረጅም በመሆኑ አብራሪው በእጁ የሚለካው እንቅስቃሴ በሴንቲሜትር ሲሆን፣ የእርስዎ እጀታ ግን ያንኑ ሥራ በጥቂት ሚሊሜትር ይሠራል፤ ኩርባው ይህን ልዩነት በከፊል ያካክሳል። ግን አይብዛ። 50 እና 60 የሚያስገቡ ሰዎች ማንዣበቡ በመጀመሪያው ቀን ቀልሏቸው ይደሰታሉ፤ በኋላ ግን በፍጥነት ሲበሩ ወይም ለማረፍ አፍንጫውን ሲያነሡ እጀታው ወደ ቀጥ ያለው የኩርባው ክፍል ይገባና ሄሊኮፕተሩ ያለ ልክ ይዘላል። በእኔ ግምት ኩርባውን ከማብዛት ይልቅ ጆይስቲኩን ከጠረጴዛ አውርዶ በሁለት ጉልበት መካከል አጠር ባለች ዱካ ላይ ማስቀመጥ፣ ክንድንም ጭን ላይ ማሳረፍ የበለጠ ይጠቅማል። በእውነተኛው ሄሊኮፕተርም ሳይክሊኩ የሚገኘው እዚያው ነው፤ ክንዱ ሲያርፍ ደግሞ ጣቶች ብቻ ይሠራሉ።

በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር «ሪአክቲቪቲ» የሚለው ቁጥር 100 ላይ ይቆይ። እሱን መቀነስ እንቅስቃሴውን ያለሰለሰ ቢመስልም መዘግየትን ይጨምራል፤ ሄሊኮፕተር ላይ ደግሞ መዘግየት ቀድሞውንም በቂ አለ።

ሌላ ቦታ ጥሩ የነበረው ኮሌክቲቭ ባህር ዳር ላይ ለምን ተለወጠብኝ?

በደንብ ሊብራራ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። ዲሲኤስ የኢትዮጵያ ካርታ ስለሌለው ብዙ ሰው የሚለማመደው በነጻ በሚሰጠው የካውካሰስ ካርታ፣ በጥቁር ባሕር ዳር ባለችው ባቱሚ አካባቢ ነው። እዚያ ማኮብኮቢያው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም። የባህር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,820 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የመደበኛ አየር ጥግግት ከባሕር ጠለሉ 84 በመቶ ያህል ነው። መደበኛው ስሌት ለዚህ ከፍታ የሚሰጠው ሙቀት ሦስት ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ በከተማዋ ከሰዓት በኋላ 27 ዲግሪ በሚሆንበት ቀን ጥግግቱ ወደ 77 በመቶ ይወርዳል። ሄሊኮፕተሩ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ያህል ነው የሚሰማው።

ሮተሩ በሳሳ አየር ውስጥ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የክንፎቹን አንግል መጨመር አለበት፤ ሞተሩም፣ በተለይ እንደ ሮቢንሰን አር22 ባሉት ትንንሽ የፒስተን ሄሊኮፕተሮች ላይ፣ የሚያወጣው ኃይል ይቀንሳል። በውጤቱም ባቱሚ ላይ ማንሻው መሀል አካባቢ ሲደርስ የሚያንዣብበው ሄሊኮፕተር ባህር ዳር ላይ ማንሻው ከመሀል አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ ነው የሚያንዣብበው። ጆይስቲኩን የሚመለከተው ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ኮሌክቲቩን መሀሉ ላይ ባለሰለሰ ኩርባ ካስተካከሉት፣ ባህር ዳር ላይ የሚያንዣብቡት ከለሰለሰው ክፍል ወጥተው ቀጥ ባለው አቀበት ላይ ነው። ማንሻው በጥቂቱ ሲነካ ሄሊኮፕተሩ ይዘላል፤ ሲመለስ ይወድቃል። ስለዚህ የኮሌክቲቭ ኩርባ ማለስለሻ የሌለው፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚወጣ ቀጥተኛ መስመር ይሁን። የጋዝ ማንሻው አጭር ሆኖ ካስቸገረዎ እጅዎን በማንሻው ላይ ሳይሆን በጆይስቲኩ አካል ላይ አሳርፈው በአውራ ጣት ብቻ ይግፉት።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አየሩ የሚሳሳው ለጭራ ሮተሩም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ባህር ዳር ላይ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ የሚያስፈልገው የፔዳል መጠን ይጨምራል። በዲሲኤስ ሳቹሬሽን የሚባለውን ቁጥር ዝቅ በማድረግ የፔዳሉን ጉልበት የቀነሰ ሰው፣ ወይም በሌላው ሲሙሌተር ተመሳሳይ ገደብ ያደረገ ሰው፣ እዚህ ከፍታ ላይ ጥግ እስኪደርስ ቢረግጥም ሄሊኮፕተሩ ይሽከረከርበታል። ሙሉውን መጠን ይተዉት።

ቅንብሩ ሁሉ ትክክል ሆኖም ሄሊኮፕተሩ አልነሣም ካለ ነዳጁንና ተሳፋሪውን ይቀንሱ። አንድ ሜትር ያህል ከመሬት ተነሥቶ የሚያንዣብብ፣ ከዚያ በላይ ግን መውጣት የማይችል ከሆነ ከመሬቱ ቅርበት የሚገኘው ድጋፍ ብቻ ነው የያዘው፤ ወደ ፊት በእርጋታ አዘንብለው ከ16 እስከ 24 ኖት ያለውን ፍጥነት ሲያልፉ ሮተሩ ንጹሕ አየር ስለሚያገኝ ይነሣል።

ሄሊኮፕተር ስቀይር ፔዳሉ ለምን የተገለበጠ ይመስለኛል?

ዋና ሮተራቸው የሚዞርበት አቅጣጫ ስለሚለያይ ነው። በቤል 407፣ በሁዪና በሮቢንሰን አር22 ሮተሩ ከላይ ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ስለሚዞር ኮሌክቲቩ ሲነሣ ግራ ፔዳል ይጨመራል። በካብሪ ጂ2 እና በሚ-8 ሮተሩ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ስለሚዞር የሚጨመረው ቀኝ ፔዳል ነው፤ በማንዣበብ ጊዜ ሳይክሊኩ የሚያዘነብልበትም ጎን እንዲሁ ይለወጣል። አክሲሱን አይገልብጡ፤ እግርዎ ይልመደው። ጀማሪ ከሆኑ ከሁለቱ ወገን አንዱን ብቻ ይዘው ለተወሰነ ጊዜ ቢቆዩ ይሻላል።

ፔዳልም መጠማዘዣም የለኝም፤ ምን ላድርግ?

በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ለሳይክሊክና ለጭራ ሮተር እገዛ የሚሰጡ አማራጮች ስላሉ የጭራ ሮተሩን እገዛ ያብሩ። በቁልፍ ሰሌዳ ፔዳልን መተካት ይቻላል፤ ነገር ግን ቁልፍ የሚያውቀው መጫንና አለመጫንን ብቻ ስለሆነ አፍንጫው ያለ ፋታ ይወዛወዛል።

ትሪም ከስፕሪንግ ጋር እንዴት ይስማማል?

በእውነተኛው ሄሊኮፕተር ፎርስ ትሪም ያለው ሳይክሊክ ቁልፉ ተጭኖ ሲለቀቅ በተተወበት ቦታ ይቆያል። የእርስዎ እጀታ ግን ሲለቁት ወደ መሀል ይመለሳል። እጀታውን ወደ ፊት ገፍተው ትሪሙን ከያዙ በኋላ እጅዎን ካልመለሱ ሲሙሌተሩ የያዘው መጠንና እጅዎ የሚሰጠው መጠን ተደማምረው አፍንጫው ይሰምጣል። ዲሲኤስ ለዚህ መፍትሔ አለው፦ በሄሊኮፕተሩ ልዩ አማራጮች ውስጥ እጀታው ወደ መሀል እስኪመለስ ድረስ ምንም ትእዛዝ የማይቀበል የትሪም ስልት አለ። ስፕሪንግ ላለው ጆይስቲክ የሚመረጠው ይህ ነው። በሌሎቹ ሲሙሌተሮች ቁልፉን ተጭነው ወዲያው እጀታውን ወደ መሀል የመመለስ ልማድ ያስፈልጋል።

ኩርባው የበዛ ሰው በትሪም ላይ የሚያጋጥመው ሌላም ችግር አለ። ዲሲኤስ ውስጥ ትሪሙ ከኩርባው በኋላ የሚደመር በመሆኑ የለሰለሰው ክፍል አብሮ ይሄዳል፤ ነገር ግን በአንድ በኩል የሚቀረው የእጀታ ጉዞ ያጥራል። በረጅም በረራ፣ ለምሳሌ ከባህር ዳር ጣናን አቋርጦ ወደ ጎርጎራ ሲሄዱ፣ ትሪሙን በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መጫን ከአንድ ጊዜ ትልቅ ትሪም ይሻላል።

ኮምፒዩተሬ አሮጌ ነው፤ ይህ ማንዣበብን ያከብደዋልን?

አዎ፣ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ። ሥዕሉ በሰከንድ ከ30 ጊዜ በታች የሚታደስ ከሆነ የሄሊኮፕተሩን መንሸራተት የሚያዩት ዘግይተው ነው፤ እጅዎም ዘግይቶ ያርማል። ኤክስ-ፕሌን ደግሞ ፍጥነቱ 20 ገደማ ሲደርስ ጨርሶ ጊዜውን ራሱ ያዘገየዋል። ስለዚህ የደመናውን፣ የጥላውንና የዛፉን ጥራት ቀንሰው ቋሚ ፍጥነት ያግኙ። ባህር ዳር ያማረች ከተማ ብትሆንም ማንዣበብ በሚማሩበት ወቅት ዘንባባዎቿን አለማየት ይቻላል።

የመጀመሪያውን ልምምድ የት ላድርግ? ጣና ላይ ቢሆንስ?

ጣና ላይ አይሁን። ሐይቁ ሰፊና ለጥ ያለ በመሆኑ የሚማርክ ቢሆንም፣ የሲሙሌተር ውኃ ዓይን የሚይዘው ምልክት ስለሌለው ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ መሆንዎን የሚያውቁት ዘግይተው ነው፤ ከፍታውንም በዓይን መለካት አይቻልም። በአውሮፕላን ማረፊያው ማኮብኮቢያ ጫፍ ላይ፣ የማኮብኮቢያውን ቁጥርና መስመሮች ከፊትዎ አድርገው ይጀምሩ። ዓይንዎን ከአፍንጫው ሥር ሳይሆን ራቅ ብሎ አድማሱ አካባቢ ላይ ያሳርፉ። በሲሙሌተሩ ነፋሱን ዜሮ፣ ሙቀቱን 15 ዲግሪ አድርገው ይነሡ፤ በኋላ ሙቀቱን ወደ 27 ከፍ ሲያደርጉ ኮሌክቲቩ ምን ያህል እንደሚጨምር በግልጽ ያያሉ።

ማንዣበቡ ከተያዘ በኋላ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ቦታ ተከትሎ ወደ ጢስ ዓባይ መብረር ጥሩ ልምምድ ነው። ወንዙ መንገድ ያሳያል፤ ፏፏቴው አጠገብ ፍጥነት መቀነስና መውረድ ደግሞ ኮሌክቲቩን ይፈትናል። ከ30 ኖት በታች ሆነው በደቂቃ ከ300 ጫማ በላይ አይውረዱ፤ ሮተሩ ራሱ በገፋው አየር ውስጥ ይሰምጥና ኮሌክቲቩን ማንሣት ውድቀቱን ያባብሰዋል። ከገቡበት ሳይክሊኩን ወደ ፊት ገፍተው ፍጥነት በማግኘት ይውጡ። ይህ የጆይስቲክ ጥፋት ተደርጎ ስለሚቆጠር ቅንብሩን የሚያበላሹ ሰዎች አሉ።

ቅንብሩ ተስማምቶኛል የምለው መቼ ነው?

አንድ ቁጥር ብቻ ይለውጡ፤ ከዚያ ሁልጊዜ ያንኑ ልምምድ ይድገሙ፦ መነሣት፣ ከመሬት ሁለት ሜትር ላይ ማንዣበብ፣ በቦታው ላይ ሆኖ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞር፣ ማረፍ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም። በማኮብኮቢያው ላይ ከመረጡት አንድ ትንሽ ካሬ ቦታ ሳይወጡ ለአንድ ደቂቃ ያህል መቆየት ከቻሉ ቁጥሮቹን መነካካት ያቁሙ፤ ከዚያ በኋላ የሚሻሻለው እጅዎ ነው።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ቅንብሬ ይጠፋል፤ መከላከያ አለው?

ሲሙሌተሩ ቅንብሩን በፋይል የሚጽፈው በአግባቡ ሲዘጋ ወይም ለውጡ ሲጸድቅ ስለሆነ፣ ለውጡን እንዳደረጉ የማስቀመጫውን ቁልፍ ይጫኑና ከገጹ ይውጡ። ለእያንዳንዱ ሄሊኮፕተር የራሱን ስም የያዘ ፕሮፋይል ይፍጠሩ፤ ቁጥሮቹንም በወረቀት ላይ ይጻፉ ወይም የቅንብር ገጹን በስልክ ፎቶ ያንሡ። መብራት ሲመለስ ጆይስቲኩን በዚያው የዩኤስቢ ቀዳዳ መሰካትዎን ያረጋግጡ፤ አንዳንድ ሲሙሌተሮች በሌላ ቀዳዳ የተሰካውን እንደ አዲስ መሣሪያ ስለሚቆጥሩት ምደባው ባዶ ሆኖ ይታያል። ሲሙሌተሩን የሚከፍቱት ጆይስቲኩ ከተሰካ በኋላ ይሁን፤ እጀታውም በዚያ ጊዜ ሳይነካ መሀሉ ላይ ይቆይ።